የከተማው ጉብኝት ሳሪስ ላይ ለምን ያበቃል?

ስለ አዲስ አበባ የተጻፉ የጉብኝት መምሪያዎችን ሳነብ አንድ ነገር ይገርመኛል። የሚያውቁት ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው። ከአራት ኪሎ ተነስተው ቅድስት ሥላሴን ያሳዩናል፤ ሉሲን ለማየት ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ ይላሉ፤ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ያጠጡንና እንጦጦ አናት ላይ አድርሰው ይሰናበቱናል። ቁልቁል የሚወርድ የለም። ቢወርድም ሳሪስ ላይ ይደክመዋል።

አሁን አሁን ደግሞ “ብዙ ሰው የማያውቃቸው ጸጥ ያሉ ሥፍራዎች” የሚል ፈሊጥ መጥቷል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ከተማ በመኪና መስኮት አይነበብም፤ በእግር ነው የሚነበበው። ግን ጸጥታ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ዛፍ ያለው ግቢ፣ ንጹሕ ወንበር፣ ጥሩ ቡና። ይኼ ዕረፍት ነው፤ ማንም አይጠላውም። ሌላ ዓይነት ጸጥታ ግን አለ፤ ትናንት ሲጮኽ ኖሮ ዛሬ ዝም ያለ ቦታ ጸጥታ። እርሱን የሚሻ ሰው ወደ አቃቂ ቃሊቲ መውረድ አለበት።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን “ተራኪው ማንን አናገረ ብቻ አትበሉ፤ ማንን ዝም አሰኘ በሉ” እላቸው ነበር። የጉብኝት መምሪያም ድርሰት ነው። ገጸ ባሕርያቱ ነገሥታት፣ ጳጳሳትና አርበኞች ናቸው። ሸማኔው፣ ሐዲድ ጠጋኙ፣ የፋብሪካው የሌሊት ተረኛ ግን ከገጹ የሉም።

እስቲ እኛ እንውረድ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የደቡብ ጫፉ ቃሊቲ ነው። ለብዙ ዓመታት “እገሌ ቃሊቲ ገባ” ከተባለ የትኛው ሠፈር ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጥያቄው “ስንት ዓመት ተፈረደበት?” ነበር። ወልደው ከብደው፣ ዕድር መሥርተው የሚኖሩበት ሠፈር በወህኒ ቤቱ ስም ሲጠራ ምን እንደሚሰማቸው ነዋሪዎቹን የጠየቀ መምሪያ አላነበብኩም።

ለእኔ ለሥነ ጽሑፉ ሰው ደግሞ ይህ መንገድ ሌላ ትርጉም አለው። በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ሲቀር መኪናው ቆማ የተገኘችው በዚሁ በቃሊቲ መንገድ ነው። “ኦሮማይ”ን ያነበበ ሁሉ ታሪኩን ያውቃል። በመንገዱ ስመላለስ ግን “እዚህ ጋ” የሚል አንድ ድንጋይ አላየሁም። ለደራሲ መታሰቢያ ከተፈለገ ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለ ቦታ የት ይገኛል?

ወደ አቃቂ ስንዘልቅ ታሪኩ ይበዛል። አገሪቱ ድምፅዋን ለዓለም ያሰማችበት የሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው አቃቂ ላይ ነው። የተከለው የኢጣሊያው አንሳልዶ ኩባንያ ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ የኢጣሊያን ወረራ አደጋ ለዓለም የተናገሩት በዚያው በኢጣሊያኖች መሣሪያ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው “አጋነንክ” እንለው ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነው። ለገሃር ለፎቶ ታድሏል፤ የአቃቂን ጣቢያ ግን ማን ያነሳዋል?

ከዚያ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ አለ። በንጉሡ ጊዜ በህንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ “ኢንዶ ኢትዮጵያ” ተብሎ የተቋቋመ ነው፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎችን ሲወርስ የመንግሥት ሆነ። አቡጀዲው ስንት ቤት እንደ ገባ፣ ደመወዙ ስንት ልጅ እንዳስተማረ ማን ይቁጠረው? የየካቲት 1966ቱን የሠራተኞች አድማ በመጻሕፍት እናነባለን። የፈረቃ ለውጥ ሲደርስ ከፋብሪካ በር የሚፈሰውን ሰው ያየ ግን በቃል ይነግረናል፤ ያ ሰው ደግሞ እያረጀ ነው።

ወንዙስ? ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ሽቅብ ተገፍቶ ከተማውን ያጠጣል። ከተማው ከተጠቀመበት በኋላ መልሶ ቁልቁል ይልከዋል፤ ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያም ቃሊቲ ነው። ሳይጣራ የሚወርደው ደግሞ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ፣ በዳርቻው ቆስጣውንና ጎመኑን አጠጥቶ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ያ ሐይቅ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተገደበ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ በ2009 ዓ.ም. በቻይናዎች ዕድሳት ዳግም ተነሳ። ውሃውን እንቦጭ ሲያለብሰው ኖሯል። እንግዲህ እንጦጦ ላይ “አየሩ እንዴት ደስ ይላል!” ያለው ጎብኚ የታጠበበት ውሃ እዚህ ይጠብቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ አልማለሁ ብሎ ተነስቶ ነበር። ያ ዕቅድ ቢያንስ ወንዙ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ መምሪያዎቻችን ይህንንም አያውቁም።

“ታዲያ ሽታና ዝገት ለማየት ነው የምንወርደው?” የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ በሕጋችን ውስጥ አለ። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የጉልበት ውጤት ይለዋል። ጉልበት እኮ ነው የሚለው! ጀርመኖች ኤሰን ከተማ ያለውን የዞልፈራይን የድንጋይ ከሰል ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1986 ዘጉት፤ በ2001 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ቤተ መንግሥት ስላጡ አይደለም። አገራቸውን ማን እንደ ሠራው ስላልረሱ ነው።

የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ አልቃሽ ነበራቸው፤ ፎቶ፣ ዘፈን፣ ትዝታ ነበራቸው። ቅሬታውም ድጋፉም ጮኾ ተሰማ። ነገ ተራው የአቃቂ አሮጌ መጋዘንና ሐዲድ ሲሆን ማን ይከራከራል? መፍረስ ያለበት ይፍረስ፤ ሰው ከዝገት ጋር ይኑር የሚል የለም። ነገር ግን ምን እንደ ፈረሰ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ክርክሩም አይኖር።

ሠራተኛውን እንደ አውሬ በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ የሚያይ ጉብኝት ግን ይቅርብን። መንገዱን ጡረተኛው ፈታይ ይምራ፤ ክፍያውም ለእርሱ ይሁን። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ደግሞ ተማሪዎቻቸውን አንድ ቅዳሜ ደብተርና መቅጃ አስይዘው ወደዚያ ይላኩ። የፋብሪካው ፊሽካ በስንት ሰዓት ይነፋ እንደነበር፣ የሌሊት ተረኞች በየት በኩል ወደ ቤት ይገቡ እንደነበር ይጠይቁ። ይህን የሚመልሱ ሰዎች ዛሬም ከየቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ሁልጊዜ ግን አይኖሩም።