የሞቱትን መውደድ፤ የዳራ ሆርን መጽሐፍ ከእኛ ጓሮ ሲነበብ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ዳራ ሆርን እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመችው የመጣጥፎች መድበል ርዕሱ ገና ከሩቁ ይጎረብጣል፦ «ሰዎች የሞቱ አይሁዶችን ይወዳሉ»። ክርክሯ በአጭሩ ይህ ነው። ዓለም ለሞቱት አይሁዳውያን ሐውልት ለማቆም፣ ሙዚየም ለመክፈት፣ እንባ ለማፍሰስ አይሰስትም፤ በሕይወት ያለው አይሁዳዊ በሃይማኖቱ ምልክት ሲታይ ግን ይከብደዋል። አምስተርዳም በሚገኘው የአን ፍራንክ ቤት ተቀጥሮ የነበረ አንድ አይሁዳዊ ወጣት ኪፓውን በኮፍያ እንዲሸፍን ታዘዘ፤ ሙዚየሙ ሐሳቡን የለወጠው ከወራት በኋላ ነው። ልጅቷ የተሸሸገችበት ቤት ሌላውን አይሁዳዊ ተሸሸግ አለው ማለት ነው! ስለ ሰው ልጅ ደግነት የጻፈችውን ዓለም እየደጋገመ ሲጽናናበት፣ ሆርን የምታስታውሰን አን ያንን የጻፈችው ከመያዟ ሦስት ሳምንት ገደማ በፊት፣ ደግ ያልሆኑት ሳያገኟት መሆኑን ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ስም የተጻፈው ምዕራፍ ነው። የብዙ አሜሪካውያን አይሁዶች ቤተሰብ፣ የአያቶቻችን ስም የተለወጠው በኤሊስ ደሴት የኢሚግሬሽን ጸሐፊ ስህተት ነው እያለ ለልጆቹ ሲያወራ ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሠራተኞቹ የሚያመሳክሩት ከመርከቡ የመንገደኞች መዝገብ ጋር ነበር። ስማቸውን የለወጡት ራሳቸው ስደተኞቹና ልጆቻቸው፣ በኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች አመልክተው፣ በአይሁድ ስም ሥራ አልገኝ ስላላቸው ነው። ሆርን ይህን በየአዳራሹ ስትናገር አድማጮቿ ይቆጧት እንደነበር ትጽፋለች። ተረቱ የተፈጠረው ልጆች አገራቸው አልፈለገችንም ብለው እንዳያድጉ ነው ትላለች። ስማችን በቪዛ ፎርም ላይ የተገላበጠብን እኛ ይህን ምዕራፍ ለማንበብ አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የአይሁድ ሥነ ጽሑፍ የሚያጽናና መጨረሻ አይወድም የሚለው ፍርዷ ከማስረጃው ይሰፋል። ቁጣዋም አንዳንድ ቦታ ከትንታኔዋ ይቀድማል። ግን ማን ይፈርድባታል? እ.ኤ.አ. በ2018 በፒትስበርግ ምኩራብ 11 ሰዎች በጸሎት ላይ ከተገደሉ በኋላ የተጻፈ ነው።

መጽሐፉን በአንድ ምኩራብ የንባብ ክበብ ሲወያዩበት የሥራ ባልደረባዬ ጋብዞኝ ተገኝቼ ነበር። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሞ ቦርሳ ይፈትሻል። ከተወያዮቹ አንድ አዛውንት፣ «ጥላቻው ባይኖር የልጅ ልጆቼ አይሁድ መሆናቸውን ይረሱት ነበር» አሉ፤ ብዙዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። አዛውንቱ ያሉት ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፉ የተከራከረው ነው፦ አይሁዳዊን አይሁዳዊ የሚያደርገው የጠላቱ ዓይን ነው። ሳርትር ይህን የጻፈው ለአይሁዳውያን ተቆርቁሮ ነው፤ ነገር ግን የአይሁድን ታሪክ ሳያነብ እንደጻፈው ራሱ በስተርጅናው ተናግሯል። የሆርን የመጨረሻ ምዕራፍ ለዚህ መልስ ይሰጣል። እዚያ ላይ ታልሙድን በቀን አንድ ቅጠል ከሚያነቡት ጋር ተቀላቅላ፣ 2,711 ቅጠሎችን በሰባት ዓመት ተኩል ለመጨረስ ትነሳለች። በዚያ ገጽ ላይ ጠላት የለም፤ ያለው ክርክር ነው። ክበቡ ይህን ምዕራፍ ነካ አድርጎት አለፈ።

ኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ በእናንተ አገር ፀረ አይሁድነት ነበረ ወይ? ብለው ጠየቁኝ። ብዙዎቻችን ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ እኛ የሰሎሞን ዘር ነን፣ ኦሪትን የተቀበልን ነን፣ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም እንላለን። የአውሮፓው ዓይነት በእርግጥ አልነበረንም። ነገር ግን የቤተ እስራኤልን ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ስንል፣ ርስት ነፍገን በጭሰኝነት ስናኖረው ማን ነበርን? «ፈላሻ» የሚለውስ ስም የማን ነው? እነርሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። ሳርትር ቢሰማ፣ ይኸው ቡዳ የሚለው ዓይን ፈጠራቸው ይል ነበር። አልፈጠራቸውም። ኦሪታቸውን በግዕዝ ሲያነቡ፣ ሰንበትን ሲያከብሩ፣ ለስግድ ተራራ ሲወጡ የኖሩት የጎረቤታቸውን ሐሜት ለመመለስ አልነበረም።

እስራኤል ሲደርሱም ነገሩ አላበቃም። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው፣ መንግሥትም በ1975 ተቀብሎ ሳለ፣ የመጡትን ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ አይሁድነታችሁን አረጋግጡ ስላሏቸው በ1985 በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለሳምንታት ተቀመጡ። በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በሥውር ሲደፋ መኖሩ ተጋለጠ። ጠላትነቱ ከወንድምም ሲመጣ የሳርትር ቀመር ምን ይላል? የሆርን መጽሐፍ እስከ ቻይናና እስከ ዓረብ አገሮች ቢዘልቅም ለእነዚህ ሰዎች ምዕራፍ የለውም።

ሆርን «የአይሁድ ቅርስ ቦታዎች» የሚለውን ውብ ስም ስትበረብረው፣ ቦታዎቹ ባለቤቶቻቸው የሞቱባቸው ወይም የተባረሩባቸው ንብረቶች ሆነው ታገኛቸዋለች። ይህን ሳነብ የታወሰችኝ ወለቃ ናት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ጎጆዎች አሉ፤ «የፈላሻ መንደር» የሚል ሰሌዳ ቱሪስት ይጠራል፤ ትናንት ቡዳ የሚያሰኘው ሸክላ ዛሬ የመንገደኛ ማስታወሻ ሆኖ ይሸጣል። ሠሪዎቹ ግን ሄደዋል። የእኛዎቹ በአብዛኛው አልሞቱም፣ በአውሮፕላን ሄዱ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከሄዱ በኋላ መወደዳቸው ግን ያው ነው። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ቢገኝ ከወለቃ አንድ ምዕራፍ ቢጨምርበት አይበዛበትም።