ቮልስና ዲኤክስ

ቮልስ የሚነካካው መካኒክ ይፈልጋል፤ ዲኤክስ እጁን የሚሰበስብ። ሁለቱን ለዓመታት ስጠግን የገባኝ ትልቁ ልዩነታቸው ይህ ነው።

የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለ 1200 ቮልስ ራዲያተር የለውም። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በቺንጋ በሚዞር ማራገቢያ ነው። የዘይት ፊልትሮም የለውም፤ ያለው ወንፊት ነው፣ የሚይዘውም ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ። ስለዚህ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ፑንቲናው ይስተካከላል፣ የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ይለካል።

እኔ ረጅም ጊዜ የምሰጠው ለሦስተኛው ሲሊንደር ነው። በእነዚያ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው ወደዚህ ሲሊንደር በሚወርደው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ለሲሊንደሩ የሚደርሰው አየር ዘይቱ ያሞቀው ነው፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ከሌሎቹ ቀድሞ ይቃጠላል። ፋብሪካው ይህን ያረመው ዘግይቶ ነው፤ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በትልልቆቹ ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ገለል አድርጎ የራሱን አየር ሰጠው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይሸከምም። የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ቮልስ ጉልበቱ ያንሳል፣ ማቀዝቀዣውም ይደክማል። ቮልስ ሲመጣልኝ አስቀድሜ የማየው በሞተሩ ላሜራና በአካሉ መካከል የሚገባውን ጎማ ነው። እሱ ከሌለ ማራገቢያው ከሲሊንደሮቹ የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። እኔ ያለ እሱ መኪናውን አላስረክብም።

ዲኤክስ የምንለው በ1983 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኮሮላ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሞተሩ ፊት ለፊት በአግድም ተኝቶ የፊት ጎማዎቹን ይነዳል፤ በኋላ የመጣለት 2ኢ ሞተር 1,295 ሲሲና 12 ቫልቭ አለው። በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግን ግፊት ይዞ መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደከመ አንድ ክዳን ቴስታታ ያጣምማል። ሰው ግን መኪናው ሲሞቅ ክዳኑን ትቶ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ይጥላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ልክ የሆነ ሙቀቱን ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ያልቃል። ከካርቡራተሩ የሚነሱት ቀጫጭን ቱቦዎችም ተቆርጠው በብሎን ተደፍነው ይመጡልኛል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ አብዛኛው የዲኤክስ ሕመም ጠጋኝ ያመጣበት ነውና።

ሥራ የሚለማመዱ ልጆችን የማስጀምራቸው በቮልስ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ስለሆኑ ያወርዱታል፣ ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል፤ እጃቸው ይፈታል። ዲኤክስ ጋ ሲደርሱ ቁልፍ ከመያዛቸው በፊት እያንዳንዱ ቱቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በወረቀት እንዲሥሉልኝ አደርጋለሁ።