ስለ «ኦሊምፒያ» ፊልምና ስለ ሯጩ ሶን ኪ ጆንግ

ሌኒ ሪፈንሽታል የበርሊንን ኦሊምፒክ ጨዋታ ቀርጻ በ1938 ያወጣችው «ኦሊምፒያ» የተባለው ፊልም በሁለት የተከፈለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። የመጀመሪያው ክፍል ርእስ «የሕዝቦች በዓል» ይባላል። ስፖርት የሰላም ድልድይ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ርእስ ሳይወዱት አይቀሩም። እኛ ግን በክፍሉ መጨረሻ የቀረበውን የማራቶን ሩጫ ከተመለከትን በኋላ ርእሱን ለመቀበል ተቸግረናል።

ቀረጻው በእውነት የሚደነቅ ነው። ካሜራው ወደ ሯጩ እግርና በመንገዱ ላይ ወዳረፈው ጥላው ዝቅ ሲል ተመልካቹ ድካሙ በገዛ ጉልበቱ የሚሰማው ይመስለዋል። ነገር ግን እግሩን እንዲህ አጥብቆ የመረመረው ፊልም ሯጩ የማን ልጅ እንደ ሆነ አይጠይቅም። ኦገስት 9 ቀን 1936 በ2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ያሸነፈው ኮርያዊው ሶን ኪ ጆንግ ነበር። ኮርያ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች የጃፓንን ባንዲራ ለብሶ ሮጠ፤ ስሙም በጃፓንኛ አነባበብ «ኪቴይ ሶን» ተብሎ ተጻፈ። በሽልማቱ መድረክ ላይ አንገቱን ደፍቶ፥ በደረቱ ያለውን ባንዲራ በተሰጠው የባሉጥ ችግኝ ሸፈነው። ሦስተኛ የወጣው የአገሩ ልጅ ናም ሱንግ ዮንግ ግን የሚሸፍንበት ችግኝ አልነበረውም፤ በኋላም የቀናው በወርቁ ሳይሆን በችግኙ እንደ ነበረ መናገሩ ይወሳል።

ከፊልሙ ይልቅ ነገሩን የተረዳው አንድ ጋዜጣ ነው እንላለን። የሴኡሉ «ዶንግ አ ኢልቦ» ፎቶግራፉን ሲያትም ባንዲራውን ከደረቱ ላይ ፋቀው። ስለዚህም ሠራተኞቹ ታሰሩ፤ ጋዜጣውም ዘጠኝ ወር ያህል ታገደ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ በኢጣልያ ጦር እጅ ወድቃ ነበርና የዚህ ነገር ትርጕም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ታዲያ ድልድዩ ከቶ የለም ማለታችን ነውን? አይደለም። አርጀንቲናዊው ዛባላ ርቆ ሲመራ እንግሊዛዊው ሃርፐር ሶንን፥ ተወው፥ ራሱ ይደክማል ሲል መክሮታል። እንደ ተባለውም ዛባላ አቋረጠ፤ መካሪው ከተመካሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ይህ እውነተኛ ወዳጅነት ነው፤ ዳሩ ግን የሁለት ሰዎች ነው እንጂ የመንግሥታት አይደለም። በ1988 ሶን በሰባዎቹ ዕድሜው ችቦ ይዞ በገዛ ስሙ ወደ ሴኡል ስታዲየም ሲገባ በደስታ ይዘል ነበር። የ1936ቱ ወርቅ ግን በኦሊምፒክ መዝገብ ዛሬም ለጃፓን ተቈጥሮ ይገኛል፤ የትውልድ ከተማው ሲኑይጁ ያለችበት ሰሜን ኮርያም ወደዚያ የሴኡል ጨዋታ አንድ ሯጭ እንኳ አልላከችም።