የጥር ሸመታ

በአዊ፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ ደመወዝተኛው ጎጆ የዓመቱን ጤፍ በአንድ ጊዜ ሸምቶ የሚያስገባበት ልማድ ከብዙ የቁጠባ ምክር ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ሲወቃ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳና ግብር ስላለበት ሁሉም በአንድ ሰሞን ወደ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋውም ይረግባል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይሳሳል፣ መንገዱም ይጨቀያል፤ በነሐሴ በኪሎ የሚገዛ ሰው የነጋዴውን መጋዘን፣ የጫኝና አውራጁን ዋጋ ሁሉ አብሮ ይከፍላል። ጥር ላይ የሚሸምት ደግሞ ለመምረጥ ጊዜ አለው፦ ከጆንያው መሃል አንድ እፍኝ ዘግኖ፣ መዳፉ ላይ በትኖ እፍ ይላል፤ ገለባው ይበናል፣ አፈሩ ይቀራል። ባለ ፌስታሏ ሸማች ይህን ብታደርግ ሻጩ ይገላምጣታል።

«የኩንታል ገንዘብ በአንዴ ከየት ይምጣ?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀን ሥራ ለሚያድር ሰውም ሙሉ መልስ የለውም። ለሌላው ግን የእቁብ ዕጣ በጥር እንዲወጣለት መነጋገር፣ ወይም አንዱን ኩንታል ከጎረቤት ጋር ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ መካፈል ይቻላል። ነቀዝ ያበላሸዋል የሚሉም አሉ። በቆሎ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ጤፍ ግን ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከእርጥበት ከተጠበቀ ዓመት ቢቀመጥም አይበላሽም። ለዚህም ጆንያውን ከመሬት አንስቶ እንጨት ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ በተለይ እንደ አዊ ባለ ዝናብ በማይጠግብ አገር።