«ነጭ ሥር» ወይስ «ሥር ሰለሪ»? ስለ አንድ አትክልት ስያሜ የቀረበ ሂስ

የውጭ አገር የምግብ አሠራር መጻሕፍትንና የታሸጉ ምግቦችን መግለጫ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎችን ከሚያስቸግሩት ስሞች አንዱ ፈረንሳዮች «ሴልሪ ራቭ»፣ ጀርመኖች «ክኖለንዜለሪ» የሚሉት አትክልት ነው። አትክልቱ ከምናውቀው ሰለሪ የተለየ ተክል አይደለም። በሳይንሳዊ ስሙ አፒየም ግራቬኦሌንስ የሚባለው የዚያው ተክል ዓይነት ሆኖ፣ ቅጠሉና ዘንጉ ሳይሆን እንደ ኳስ የሚያብጠው ግርጌው እንዲበላ ተመርጦ የረባ ነው። ልጣጩ ሻካራ፣ ውስጡ ነጭ ነው፤ ጥሬው ተፍቆ በሰላጣ፣ ተቀቅሎም በሾርባ ይበላል።

ለዚህ አትክልት ሊቀርቡ ከሚችሉት ስያሜዎች ሦስቱን እንመርምር።

የመጀመሪያው የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ ወስዶ «ሰለሪያክ» ማለት ነው። «ሰለሪ» በአማርኛ የተለመደ ቃል ቢሆንም፣ «ያክ» የሚለው ቅጥያ በቋንቋችን ምንም ሥራ ስለሌለው አንባቢውን አያስረዳም።

ሁለተኛው «የሰለሪ ሥር» ነው። ይህ አገናዛቢ ሐረግ የአንድን ተክል ክፍል ይጠቁማል እንጂ የአትክልት ዓይነት አይሰይምም። ማንኛውም ሰለሪ ሥር አለውና፣ ትርጉሙን ያነበበ ሰው ተራውን ሰለሪ ገዝቶ ቀጫጭን ሥሮቹን ቢቀቅል ጥፋቱ የተርጓሚው ነው።

ሦስተኛው በ«ቀይ ሥር» አምሳያ የሚቀረጸው «ነጭ ሥር» ነው። ለጆሮ የሚጥመው ይኸኛው ስለሆነ ተከራካሪ አያጣም። ቀይ ሥርና ቆስጣ በሳይንስ አንድ ተክል ሲሆኑ፣ አማርኛ ዝምድናቸውን የማያሳዩ ሁለት ስሞች ሰጥቷቸው ማንም አልተጎዳም ይባል ይሆናል። በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው ዘነበወርቅም ለዚህ ክርክር ምስክር ሊጠራ ይችላል። ስሙ የልዕልት ዘነበወርቅ ነበር፤ ከልዕልቲቱ ወደ ሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉ ወደ ሰፈሩ ተላለፈ፤ ሆስፒታሉ ዛሬ አለርት ሲባል ሰፈሩ ግን ዘነበወርቅ እንደተባለ ቀረ። ስም ከምንጩ ቢርቅም መንገደኛውን አላሳሳተም።

ይሁን እንጂ የምግብ ስም እንደ ሰፈር ስም አይደለም። ሰለሪ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብርቱ የአለርጂ ሕመም ያስነሣል፤ ያበጠው ግርጌውም ከዚህ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በምግብ መግለጫ ላይ ተለይተው እንዲጻፉ ካዘዛቸው 14 የአለርጂ መንሥኤዎች አንዱ ሰለሪ ነው። በጀርመን አገር የሚኖር፣ ሰለሪ የማይስማማው ኢትዮጵያዊ «ነጭ ሥር» የሚል ትርጉም ቢያነብ ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት በምን ያውቃል? ነጭ ፍጅልም እኮ ነጭ ሥር ነው! እንግዲህ ይህ ስያሜ ውበት ቢኖረውም ሊያሳውቅ የሚገባውን ይደብቃልና አንቀበለውም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አማርኛ «ጥቅል ጎመን» እና «አበባ ጎመን» ሲል የተክሉን ስም ጠብቆ፣ የሚለይበትን ጠባይ ወይም የሚበላውን ክፍል ከፊቱ ያስቀድማል። በዚሁ ሥርዐት «ሥር ሰለሪ» ብንል የተክሉ ስም ይጠበቃል፣ ዓይነቱም ይለያል። ሌሎቹን ሁለቱን መለየት ሲያስፈልግም «ዘንግ ሰለሪ» እና «ቅጠል ሰለሪ» ማለት ይቻላል።

የሚበላው ክፍል ሙሉ በሙሉ ሥር አይደለም፤ በአብዛኛው ከሥርና ከግንድ መካከል ያለው አካል ነው የሚል የዕፅዋት ሊቅ ቢነሣ እውነቱን ነው። ነገር ግን ቀይ ሥርም እንዲሁ በከፊል ከዚሁ አካል የተገኘ ሆኖ ሳለ ስሙን የነቀፈ የለም። የወጥ ቤት ቃል ዓይን ያየውን ይከተላል፤ የዕፅዋት ሳይንስ መጽሐፍ ግን ዝርዝሩን በፍቺው ውስጥ ያስገባው።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላት «ሥር ሰለሪ» ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ እንዲገባ፣ «ሰለሪ» በሚለው ቃል ሥርም እንዲጠቀስ፣ ተርጓሚዎችም በምግብ መግለጫዎች ላይ «ሰለሪ» የሚለውን ክፍል ከቶ እንዳይጥሉት እናሳስባለን።