ዲብስና የአንበሳሜው ልጅ

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ቨርጂንያ አክስላይን እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት «ዲብስ» የተባለው መጽሐፍ፣ ልጆችን በጨዋታ ስለ ማከም ከተጻፉት ሁሉ ስመ ጥር ነው። ዲብስ የአምስት ዓመት ልጅ ሲሆን በትምህርት ቤት ከጠረጴዛ ሥር ይደበቃል፤ ከሰውም ጋር አይነጋገርም። ደራሲዋ በሳምንት አንድ ሰዓት አሸዋ፣ ቀለምና አሻንጉሊት ወዳለበት ክፍል ያስገቡታል። እንዲህ አድርግ አይሉትም፤ እርሱ ይመራል፣ እሳቸው ይከተላሉ። በመጨረሻም ልጁ ስሜቱን መናገር ይጀምራል፤ አእምሮውም እጅግ የላቀ ሆኖ ይገኛል።

መጽሐፉን ሳነብ አሳቤ የሄደው ወደ አንበሳሜ ነው። በልጅነቴ በጎረቤታችን አንድ የማይናገር ልጅ ነበረ። ሲጠሩት ዘወር አይልም፤ ጠጠር እየደረደረ ይውላል። እንግዳ ሲመጣ እናቱ ወደ ጓዳ ታስገባዋለች። ይህን የምታደርገው ጨክና አልነበረም፤ ሰው «ልክፍት ነው»፣ «የእናቲቱ ኀጢአት ነው» ስለሚል ነው እንጂ። ብዙ ጊዜም ጠበል ወስዳዋለች።

ልጅን እንዳለ መቀበል የሚለው የመጽሐፉ ትምህርት እውነተኛ ነው። ነቀፌታዬ በምክንያቱ ላይ ነው። ደራሲዋ ለዲብስ ዝምታ ምክንያት አድርገው የሚያሳዩን የወላጆቹን ብርድነት ነው። ዲብስ ኦቲዝም አለበት አላሉም፤ ሆኖም ያን ጊዜ ስለ ኦቲዝምም ይኸው አሳብ ተስፋፍቶ ነበር፤ ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይበልጥ አሰራጭተውታል። እ.ኤ.አ. በ1977 ፎልስታይንና ራተር በመንትዮች ላይ ያደረጉት ጥናት ግን የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አመለከተ። እንግዲህ የጎረቤት ሐሜት አስቀድሞ የፈረደባትን የአንበሳሜ እናት፣ የተማረ ሰው መጽሐፍ ደግሞ ሊፈርድባት አይገባም።

የሚገርመው ግን መድኃኒቱ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ነው። የዲብስ እናት ወደ ደራሲዋ መጥታ ልቧን ስታፈስ፣ ደራሲዋ ሳይገሥጹና ሳይመክሩ ያዳምጧታል። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው፤ ለልጁ የተሰጠው መቀበል ለእናቲቱም ተሰጥቷልና።

በአገራችን ይህን መንገድ በእናትነት የጀመሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ እስካረፉበት እስከ 2020 ድረስም ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይደብቁ በአደባባይ ተናገሩ። ማዕከሉ ግን መቀበልን ከማስተማር ጋር ያያይዛል፤ ወይዘሮ ዘሚ በፊደላችን ላይ የተመሠረተ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተው ነበር። ይህም ተገቢ ነው፤ ያለ ሐሳብ መግለጫ የቀረ ልጅ በፍቅር ብቻ አይረዳም።

አዲስ አበባ ለፎገራና ለደራ ገበሬ ሩቅ ናት፤ የአሻንጉሊት ክፍልም የለውም። ነገር ግን ሩዝ ሲያፈራ ልጆች ወፍ ለመጠበቅ ማሳ ዳር ይውላሉ። ጠጠር የሚደረድረውም ልጅ ከእነርሱ ጋር ሊውል፣ አንድ ታላቅም አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ሊደረድር ይችላል።

ስለዚህ ነገ ወደ ወረታም ሆነ ወደ አንበሳሜ በአስተማሪነት የምንሄድ ተማሪዎች መጽሐፉን እናንብበው። ስለ ልጁ እናቲቱን ስንጠይቅ ግን «ምን አድርገሽው ነው?» አንበል፤ «ምን ደስ ይለዋል?» እንበላት።