የትም የሚቆም ከበሮ

ሁለት አንግል ብረት ጠርዛቸውን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ውኃ ልኩ በሁለቱም ላይ ተቀምጦ ተነሥቷል፤ አረፋዋ ከመሃል ፈቀቅ አላለችም። የበቆሎ መፈልፈያው ከበሮ በሻፍቱ ሁለት ጫፎች ብቻ አንግሎቹን ረግጦ ተቀምጧል። ጋሼ በአንድ ጣታቸው ነካ ያደርጉታል። ይንከባለላል፤ ያመነታል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይቆማል። ከታች የዋለውን ጎን በጠመኔ ምልክት አድርገው ደግመው ይነኩታል። ያው ጎን ታች ይውላል። «አየኸው? የከበደው ይኸ ነው» ይላሉ። ከምልክቱ ትይዩ፣ በላይኛው ጎን፣ ቁራጭ ላሜራ በሽቦ ያስሩና እንደገና ነክተው ይጠብቃሉ። እንዲህ ሲሉ ከጠዋት ቡና እስከ ምሳ ይዘልቃሉ። ሥራው የሚያበቃው ከበሮው ጎን መምረጥ ሲተው ነው፤ በነኩት ቁጥር የትም ሲቆም።

ከዚያ በኋላ ከበሮው በላሜራ ይከደናል። የሚገዛው ሰው ቀለሙን ያያል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ በዋጋው ይከራከራል። ያ ግማሽ ቀን ግን በደረሰኙ ላይ አይጻፍም። በአቸፈር፣ በዱርቤቴ ከተማ፣ በአንዲት ብየዳ ቤት በረዳትነት ከሠራሁባቸው ወራት ከሁሉ በላይ በዓይኔ የቀረው ይኸው ያልተጻፈው ግማሽ ቀን ነው።

ታፔላው «ኢንጂነሪንግ» ይላል። ቤቱ በቆርቆሮ የተከበበ፣ ወለሉ በዘይትና በብረት ብናኝ የጠቆረ ነው። ባለቤቱን ጋሼን ጨምሮ ከአምስት አንበልጥም ነበር። በር፣ መስኮት፣ የጋሪ አካል፣ የወፍጮ ቤት ጥገና፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። የዲዛይን ክፍል፣ የምርት ክፍል፣ የሽያጭ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ወለሉ ላይ በጠመኔ ንድፉን የሣለ ሰው ከሰዓት ማስክ አጥልቆ ይበይዳል፤ ማታ ደግሞ ከደንበኛው ጋር ስለ ቀብድ ይነጋገራል። እኔ ገና ስገባ መጀመሪያ የተማርሁት ሙያውን ሳይሆን ቋንቋውን ነው። ቡሎንና ዳዶ፣ ፑሌጃና ቺንጊያ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖ፣ ኩሽኔታ። ጣሊያን ትቶት የሄደው ቃል ከጋራዥ ወደ ጋራዥ፣ ከጌታ ወደ ረዳት ሲሸጋገር ኖሮ ዛሬ የአቸፈር ልጅ እንደ እናቱ ቋንቋ ይጠራዋል። «ካቻቪቴ አቀብለኝ» ተብሎ ሴጌቶ ይዞ የመጣ ረዳት ምን ያህል እንደሚሳቅበት እኔ ምስክር ነኝ።

ከሥራዎቻችን ሁሉ ግን የቤቱን ክብር የያዘው መፈልፈያው ነበር። አገሩ የበቆሎ አገር ነው። በመራዊና በወተት አባይ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል፣ ክረምቱ ሲያልፍ መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው። ኅዳር ሲጠባ ያ ሁሉ እሸት የነበረ ነገር ደርቆ ይቆለላል፤ በእጅ ይፈለፈል ቢባል የሴቶችና የልጆች ጣት ይላጣል፤ በዱላ ይወቃ ቢባል ፍሬው ይሰበራል። የተሰበረ ፍሬ ደግሞ ለነቀዝም ለሻጋታም በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ ገበሬ መፈልፈያን የሚመዝነው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም። እጁን ከሚወርደው ፍሬ ውስጥ ያስገባል፣ አንድ እፍኝ ያወጣል፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ እየገፋ ስባሪ ይፈልጋል። ያን አውራ ጣት የሚያልፍ ማሽን መሥራት ነው ጥበቡ።

ማሽኑ ሲታይ ቀላል ነው። ከላይ በቆሎው ይገባል፤ ከበሮው ላይ የተተከሉት ጥርሶች እየመቱና እያሹ ፍሬውን ከቆረቆንዳው ያላቅቃሉ፤ ፍሬው ከታች ባለው የፌሮ ወንፊት ይወርዳል፤ ቆረቆንዳው በሌላው ጫፍ ተገፍቶ ይወጣል። ግን ማን ይገፋዋል? ጥርሶቹ ራሳቸው ናቸው። ቀጥ ባለ መስመር ቢተከሉ በቆሎው ባለበት እየተሽከረከረ ይደቅቅ ነበር። ጋሼ ሲባጎ ይወስዱና ከበሮው ላይ እንደ ሐረግ እያዞሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠመጥሙታል፤ በሲባጎው ጥግ ጥግ ጠመኔ ይነካል፤ ጥርሶቹ በዚያ ሐረግ ላይ ይበቅላሉ። እያንዳንዱ ጥርስ በቆሎውን በመታ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ መውጫው ይገፋዋል።

በጥርሱ ጫፍና በወንፊቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የነገሩ ሁሉ ልብ ነው። ከሰፋ በቆሎው ሳይነካ ያልፋል፤ ከጠበበ ፍሬና ቆረቆንዳ አብሮ ይፈጫል። ግድግዳው ላይ፣ ከስኳድራውና ከሜትሩ ጎን፣ በምስማር የተንጠለጠሉ ሦስት የደረቁ ቆረቆንዳዎች ነበሩ፤ ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን። መጀመሪያ ሳያቸው ማገዶ መስለውኝ ነበር። የቤቱ መለኪያዎች ናቸው። ወንፊቱ ከመታሰሩ በፊት ሦስቱም በክፍተቱ ተራ በተራ ይገባሉ፤ ቀጭኑ እንኳ ጥርሱ ሳይነካው እንዳያልፍ፣ ወፍራሙም ተጨፍልቆ እንዳይቀር። ሚሊ ሜትር ጋሼ ያውቃሉ፤ ግን «በቆሎ ሜትር አያነብም» ይላሉ።

ብየዳቸው ለብቻው የሚታይ ነው። የበየዱት ስፌት ላይ ሽፋኑ ተቀጥቅጦ ሲረግፍ ከሥሩ የሚወጣው መስመር በአክርማ የተሰፋ ሞሰብ ይመስላል፤ እጥፋቱ በእጥፋቱ ላይ እኩል እኩል ተኝቶ። ኤሌክትሮዱ እንደ ሰሊጥ ቆሎ ሳያቋርጥ ሲንጣጣ እጃቸው ልክ ላይ መሆኑን ጀርባዬን ሰጥቼም አውቅ ነበር። ክረምት ላይ ኤሌክትሮዱ እርጥበት እንዳይስብ ፓኮውን ከምድጃው አጠገብ ያሳድሩታል፤ እርጥብ ኤሌክትሮድ ይተፋል፣ ብየዳውንም እንደ እንጀራ ዓይን ይበሳሳዋል። ዓይን ለእንጀራ ውበት ነው፤ ለብየዳ ሞት።

ከመስመሩ ውበት ይልቅ የገረመኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም ብረቱን ወደ ራሱ ይጎትታል። ጥርሶቹን ከአንድ ጎን ጀምሮ በተርታ የበየደ ሰው ማታ ላይ ከበሮው ጎብጦ ያገኘዋል። ጋሼ መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ በነጥብ ይይዟቸዋል። ከዚያ አንዱን ይበይዳሉ፣ ከበሮውን ግማሽ ዙር ያዞራሉ፣ ትይዩውን ይበይዳሉ፤ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ላየው ሰው መንገድ የጠፋባቸው ይመስላል። አንዱ የጎተተውን ሌላው እንዲመልሰው እያደረጉ ነው።

ሻፍቱ ባሕር ዳር፣ ቶርኖ ቤት ተቆርጦ ይመጣል። ኩሽኔታው 6206 ነው። ቁጥሩን ማንበብ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ስታባዛ የቀዳዳውን ስፋት ታገኛለህ፤ 06 ማለት 30 ሚሊ ሜትር። ሻፍቱ ከዚያ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ቢቀጥን ኩሽኔታው ውስጥ ብቻውን እየዞረ ራሱን ይበላል፤ ቢወፍር አይገባም። ጋሼ ኩሽኔታውን በዘይት ውስጥ ያሞቁትና ሳይመቱ ያንሸራትቱታል፤ መምታት የግድ ከሆነም የውስጡን ቀለበት ብቻ ነው። ውጭውን የመታ፣ ኳሶቹን መታ።

ስለ ጥፋቴ ልንገራችሁ። ታኅሣሥ ነበር፤ ወረፋ በዝቶ ነበር። ጋሼ ለብረት ግዢ ባሕር ዳር ሲሄዱ ከበሮ ማመዛዘኑን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ሦስት ጊዜ ነካሁት፤ ሦስት ጊዜ አንድ ጎን ታች ዋለ። ቁራጭ ብረት በየድሁበት፤ ትንሽ ተሻለ። «ይበቃዋል» አልሁና ከደንሁት። በሳምንቱ ማሽኑን እያከራየ የሚፈለፍልበት ሰው መጣ። አልጮኸም። ከኪሱ ጨርቅ አወጣ፣ ፈታው፣ የተቃጠለ ኩሽኔታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ «ልጄ፣ ይኸን ምን አግኝቶት ነው?» አለኝ። ብቻ ይችን።

ማታ ጋሼ አልተቆጡኝም፤ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ አሰሉልኝ። ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል። የሞተሩ ፑሌጃ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የከበሮው 25 ነው፤ ስለዚህ ከበሮው 600 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 10። ከበሮው ከመሃሉ እስከ ዳሩ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። እዳሩ ላይ 100 ግራም፣ ሦስት ዳዶ የምታህል ነገር፣ ሳይመዛዘን ቢቀር በዚያ ፍጥነት 8 ኪሎ የሚያህል ጉተታ ትሆናለች፤ አቅጣጫዋንም በየሰከንዱ 10 ጊዜ ታዞራለች። «እንግዲህ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው 8 ኪሎ መዶሻ ይዞ በሰከንድ 10 ጊዜ ኩሽኔታህን ቢመታው አስበው» አሉኝ። ያን ሌሊት «ይበቃዋል» የምትለዋን ቃል ከአፌ አወጣኋት።

ቤታችንን ከትልቅ ፋብሪካ ጋር አስተያዩት። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ለማምረት የታሰበ ነው። በዚያ ዓይነት ቤት ስሕተት በወረቀት ይመዘገባል፣ በክፍል በክፍል ይከፋፈላል፣ ማን እንደሠራው ሳይታወቅም ሊቀር ይችላል። በእኛ ቤት ስሕተት በገበያ ቀን በጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ዓይንህንም እያየ ይጠይቅሃል። የትንሽ ቤት ጥራት ምንጩ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሠሪውና ተጠቃሚው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፣ በአንድ ለቅሶ ላይ ይቀመጣሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ማረሻን የሚስል፣ ማረሻውን ከድግሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘውን ወገል የሚቀጠቅጥ ባለ እጅም እንዲሁ ለሚያውቀው ገበሬ ነበር የሚሠራው። ልዩነቱ ክብሩ ላይ ነበር። ገበሬው ያለ እርሱ ብረት አንድ ትልም አያወጣም፤ ግን «ቀጥቃጭ» ብሎ ይሸሸዋል፣ «ቡዳ» ብሎ ይፈራዋል፣ ልጁንም አይድርለትም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ምላስ ግን ከአዋጅ ዘግይቶ ነው የሚታረም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ብረታ ብረትንና የእርሻ መካኒክነትን በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ አንድ ነገር ተለወጠ። ዛሬ የገበሬ ልጅ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥቶ ብረት ሲበይድ አባቱ «ልጄ ኢንጂነሪንግ ነው የሚሠራ» ብሎ ይኮራል። መዶሻው ያው ነው፤ እሳቱም ያው።

ኑሮው የዋዛ ነው አልልም። መብራት ሲሄድ እንቀመጣለን፤ የላሜራ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት አይታመንም፤ በቀጭን ላሜራ የሠራ ጎረቤት በርካሽ ሲሸጥ የእኛ ደንበኛ ይሄዳል። አንዳንዱ በዓመቱ ይመለሳል፤ አንዳንዱ አይመለስም።

አንድ የኅዳር ምሽት ሥራ አቁመን ደጅ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። ከወንዙ ማዶ ካለ አውድማ የመፈልፈያ ድምፅ ይሰማል። እኔ የሰማሁት ሞተር ብቻ ነው። ጋሼ ስኒያቸውን ከአፋቸው መልሰው ጆሯቸውን ሰጡ። ጥቂት ቆይቶ እኔም ሰማሁት፤ ከሞተሩ ሥር፣ ደጋግማ የምትመታ አንዲት ድው።

«የእኛ ነው እንዴ፣ ጋሼ?» አልሁ፤ ልቤ ፈርቶ።

«የማንም ይሁን» አሉና ቡናቸውን ጨለጡት። «ጠረጴዛውን ጥረግ፤ አንግሎቹንም በውኃ ልክ አስተካክላቸው። ከነገ ወዲያ ይመጣል።»